ምስክሩ ማን ነው? ስለ ሸካና ስለ ካፋ የተጻፉ ጥናቶችና የምሁር ሥራ መሳካት

በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ደቀ መዝሙር በአንድ የትምህርት ዘርፍ ለመምህርነት መድረሱን ለመግለጽ «አስመሰከረ» ይባላል። ድጓን ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕትን ለማስመስከር ወደ ዙር አባ፣ አቋቋምን ለማስመስከር ወደ ጎንደር መሄድ የቆየ ልማድ ነው። የቅኔ መምህርም የዋድላ፣ የጎንጅ ወይም የዋሸራ ቤት ልጅ መሆኑ ይጠየቃል፤ ማዕርጉ ከመጠራቱ በፊት ከማን እንደ ተማረና እነማንን እንዳስተማረ ይነገራል። በዚህ አነጋገር ውስጥ አንድ ብርቱ አሳብ አለ። ቃሉ ተማሪው ጨረሰ ወይም አለፈ አይልም፤ ምስክር አቆመ ይላል እንጂ። ምስክር የሚባለውም ነገሩን ከተማሪው አስቀድሞ የሚያውቅ፣ ተማሪው ቢሳሳት ሊያርመው የሚችል ሰው ነው።

የዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ምሁርም ያለ ምስክር አይሾምም። ከረዳት ምሩቅነት ወደ መምህርነት፣ ከመምህርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትና ወደ ፕሮፌሰርነት የሚያወጣው መሰላል በየደረጃው የሰው ቃል ይጠይቃል። መጽሔቱ የመረጣቸው ገምጋሚዎች፣ የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች፣ በውጭ አገር የሚገኙ ሊቃውንት ይመሰክራሉ። ነገር ግን ስለ ሕዝብ ኑሮ፣ ስለ ቋንቋና ስለ አገር በሚጻፍ ጥናት ነገሩን ከጸሐፊው አስቀድመው የሚያውቁት ሰዎች ለምስክርነት የሚጠሩበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እንዲህ ነው፤ የምሁር ሥራ በእውነት ተሳካ ሊባል የሚገባው የተጻፈባቸው ሰዎች ሊያነቡት፣ ሊፈርዱበትና ሊያርሙት በሚችሉበት መንገድ ሲቀርብ ነው። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆኑ ስለ ሸካ፣ ስለ ካፋና ስለ አካባቢያቸው በመቶ ዓመት ውስጥ የተሠሩ አንዳንድ ጥናቶች ከዚህ በታች ይመረመራሉ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አገሩና ስሙ

ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወርደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አካባቢዋ የእንሰትና የቀርከሃ ደጋ ነው፤ ወደ ቴፒና ወደ ሚዛን ተፈሪ በተወረደ መጠን ግን ጫካው የቡና፣ የኮረሪማና የጥምዝ አገር ይሆናል። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ እየሰቀለ ማር ሲቆርጥ ኖሯል። ለዚህም ኮቦ የሚባል ሥርዓት አለው፤ አንድ ሰው በታወቀ የጫካ ክፍል ቀፎ የመስቀል መብት ይኖረዋል፣ መብቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ጌፒታቶ የሚባሉት የጎሣ አለቆች ደግሞ ለጫካውና በጫካው ውስጥ ላሉት የተከበሩ ቦታዎች ኀላፊነት ነበረባቸው። ስለዚህ በዚህ አገር ስለ ዛፍ ወይም ስለ ማር የሚያጠና ሰው ባለቤት የሌለው ነገር አያጠናም። ቀድሞ የታወቀ፣ ስም የወጣለት፣ የተከፋፈለ ነገር ያጠናል።

ሕዝቡ ራሱን ሸካቾ፣ ቋንቋውንም ሸኪ ኖኖ ይላል፤ ኖኖ አፍ ማለት ነው። በሌሎች ሰዎች ዘንድ ግን ለብዙ ዘመን የታወቀው ሞቻ በሚል ስም ነው። በዘውዱ መንግሥት ጊዜ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው አውራጃ ሞቻ ይባል ነበር፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንትም ይህንኑ ስም ተቀብለው በጥናቶቻቸው አርእስት ላይ አኑረውታል። ጉዳዩ ከሩቅ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ራሱን በማይጠራበት ስም በዓለም ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ስለ እርሱ በተጻፈው ነገር የቱን ያህል እንዳልተጠየቀ የሚያሳይ የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው።

ማዕርግ ያልነበራቸው ተመራማሪ

ፍሪድሪሽ ዩልዩስ ቢበር በ1873 በቪዬና ከተማ ተወለዱ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነበራቸውም፤ ኑሯቸውም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛነት የተመሠረተ ነበር። ስለ አፍሪካ ያወቁትን ሁሉ ያወቁት በራሳቸው ንባብና ጥረት ነው። በ1905 ካፋ ድረስ ተጓዙ፤ በ1909ም ዳግመኛ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። «ካፋ» የተባለው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፋቸው አንደኛው በ1920፣ ሁለተኛው በ1923 ታተመ፤ በ1924ም ዐረፉ። የፕሮፌሰርነት ወንበር አልያዙም፤ በማዕርግ መሰላል የሚመዝን ሰው ቢበርን ከመጀመሪያው እርከን በታች ያገኛቸዋል።

መጽሐፉን በትችት ዐይን ለሚያነብ ሁለት ጉድለቶች ይታዩታል። አንደኛ፣ የካፋ መንግሥት የወደቀው በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት አገሩን በያዘበትና የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በተማረኩበት ጊዜ ነው። ቢበር የደረሱት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሥርዓትና ስለ ሹመቱ ያቀረቡት ነገር በዐይን የታየ ሳይሆን፣ ከጦርነት በተረፉ ሰዎች ትዝታ የቆመ ነው። የተሸናፊ ሕዝብ ትዝታ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ያለፈውን ያሳምራል፣ ያደላድላል። ሁለተኛ፣ የመጽሐፉ ንኡስ አርእስት ካፋን በውስጣዊው አፍሪካ የሚገኝ ጥንታዊ የኩሽ ሕዝብ ይለዋል። ይህ አሳብ ሕዝቦችን በጥንታዊነት ደረጃ መደርደር የተለመደበት ዘመን ውጤት ነው፤ ከዘመኑም ጋር አርጅቷል።

ይህ ሁሉ ሆኖ መጽሐፉ አልሞተም። ስለ ቤቱ፣ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ሹመቱ ስያሜ የተመዘገበው ዝርዝር ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ለሚሠራ ሁሉ መነሻ ሆኖ ይኖራል። አምኖን ኦሬንት በ1969 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ስለ ካፋ የዘር ሐረግና እምነት የዶክትርነት ጽሑፍ ሲያቀርቡ፣ ቨርነር ላንገም በ1982 የደቡብ ጎንጋ ሕዝቦችን ታሪክ ሲያሳትሙ፣ ቢበር ያልፉት ዘንድ የማይቻል ደንበር ነበሩ። ንድፈ አሳቡ ሲወድቅ መዝገቡ ቆመ። ከዚህ አንድ ነገር መማር ይቻላል፤ በዘመኑ ዘንድ የሚያስመሰግነው የጥናቱ ክፍልና ለኋለኛው ዘመን የሚተርፈው ክፍል አንድ አይደሉም።

ሆኖም ቢበርን የድኽነትና የትጋት ምሳሌ አድርጎ ማወደስ ብቻ ነገሩን አይፈታውም። መጽሐፉ በጀርመንኛ ተጽፎ ይኖራል፤ የሰበሰቧቸውም ዕቃዎች በቪዬና ይገኛሉ። የቦንጋ ልጅ የአያቱን አገር ሥርዓት ከዚያ መጽሐፍ ለመረዳት አስቀድሞ የባዕድ ቋንቋ መማር አለበት። እንግዲህ ቢበር የዩኒቨርሲቲ ምስክር እንዳላገኙ ሁሉ የካፋም ምስክር ሳያገኙ ቀርተዋል። የመጀመሪያው የተነፈጋቸው በሰው ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው የቀረባቸው ግን ማንም ሳያስበው ነው።

ማዕርግ ሁሉ የሞላላቸው ሊቅ

ቮልፍ ሌስላው በማዕርግ ረገድ ከቢበር ተቃራኒ ናቸው። በ1906 በፖላንድ ተወልደው በቪዬናና በፓሪስ ተማሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእስር ተርፈው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ከ1955 ጀምሮ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። የጉራጌኛን ሥርወ ቃል፣ የግዕዝን የንጽጽር መዝገበ ቃላት፣ የአማርኛን መዝገበ ቃላትና የማስተማሪያ መጻሕፍት አሳተሙ። በ1965 የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በኢትዮጵያ ጥናት ሸለማቸው። በ2006 መቶ ዓመት ሞልቷቸው ሲያርፉ ያልያዙት የክብር እርከን አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ሥራ መካከል ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚሆኑት ሁለቱ ናቸው። በ1958 «አፍሪካ» በተባለው የለንደን መጽሔት ሞቻ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ፤ በ1959ም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የሞቻን መዝገበ ቃላት አሳተመላቸው። መዝገበ ቃላቱ ስስ ጥራዝ ነው፤ ፍቺው በእንግሊዝኛ፣ የቃላቱም አጻጻፍ ለቋንቋ ሊቃውንት በተዘጋጀ ምልክት ነው። ለቋንቋው ጥናት ያለው ዋጋ ግን ከጥራዙ መጠን ጋር አይመዘንም። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሸኪ ኖኖን ሰምቶ ሊለያቸው የማይችላቸውን ቃላት በወረቀት ላይ መለየት ተችሏል።

የዚህን ሥራ ዕጣ መከታተል ለክርክሩ እጅግ ይጠቅማል። ሌስላው በጻፉበት ዘመን ሸኪ ኖኖና ካፊ ኖኖ በምዕራብ ኩሻዊ ቋንቋዎች መካከል ይቆጠሩ ነበር። በ1969 ሃሮልድ ፍሌሚንግ እነዚህን ቋንቋዎች ከኩሻውያን ለይተው ኦሞአዊ የተባለ ራሱን የቻለ ክፍል እንዲሆኑ አሳብ አቀረቡ፤ በ1970ዎቹም ላዮኔል ቤንደር ጉዳዩን አስፋፉት። ክርክሩ እስከ ዛሬ ባይዘጋም አብዛኛው ሊቅ አዲሱን ምደባ ተቀብሏል። እንግዲህ በዚህ በኩል ሳይንስ ሥራውን ሠርቷል፤ የቀድሞው ምደባ ታርሟል። የታረመውም ሊያርሙት የሚችሉት ሰዎች ጽሑፉን ሊያነቡት በመቻላቸው ነው።

ጥያቄው በሌላው በኩል ነው። ስለ አንድ ዛፍ ስም፣ ስለ አንድ የማር ወራት፣ ስለ ዝምድና መጠሪያ፣ ሽማግሌ ብቻ ስለሚናገረው ቃል የተሰጠውን ፍቺ ማን ያርመዋል? በሎስ አንጀለስም ሆነ በለንደን ያለ ገምጋሚ ይህን ሊያርም አይችልም፤ ሊያርም የሚችለው የጌጫ ሰው ነው። በእንዲህ ዓይነት መዛግብተ ቃላት «የዛፍ ዓይነት»፣ «የሣር ዓይነት» የሚል ፍቺ የተለመደ መሆኑን የቋንቋ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለው ፍቺ ዛፉ ቀፎ የሚሰቀልበት ይሁን፣ ንብ የሚቀስመው ይሁን፣ የማይቈረጥ የተከበረ ዛፍ ይሁን አይናገርም፤ የተናጋሪው ዕውቀት የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው። መጽሐፉ ከወጣ ስልሳ ዓመት አልፏል። የምደባው ስሕተት በ10 ዓመት ውስጥ ሲታረም፣ የአገሬው ሰው ብቻ ሊያየው የሚችለው ስሕተት፣ ካለ፣ እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ግድግዳ ተሸፍኖ ይኖራል።

ይህን ማለት ሌስላውን መንቀፍ አይደለም፤ የዘመናቸውን የምስክርነት ሥርዓት መንቀፍ ነው። የሸካ ሕዝብ በ1959 በገዛ ቋንቋው የሚማርበት ትምህርት ቤት አልነበረውም። በ1994 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፍቷል። ስለዚህ የዚያ መጽሐፍ ዕድል ገና አላለቀም። የሸካ መምህራን ፍቺውን ወደ አማርኛና ወደ ሸኪ ኖኖ መልሰው፣ ሽማግሎችን ጠይቀው፣ የጎደለውን ሞልተው፣ የተሳሳተውን አርመው ቢያወጡት የሌስላው ሥራ ያን ጊዜ ያስመሰክራል። እንዲህ ያለውን እርማት የሚያዘጋጅ ወጣት መምህር ግን ሥራው እንደ አዲስ ግኝት አይቈጠርለትም ይሆናል። የሥርዓቱ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው በዚህ ነው።

ዘሩና ቁጥሩ

ከቃል ወደ ዘር ቢታለፍ ይኸው ነገር በሌላ መልክ ይገኛል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የአረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት አገር በመሆኑ ተመራማሪዎችን ሲስብ ኖሯል። በ1930ዎቹ በማጂ ከነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ በኩል ከጌሻ አካባቢ የተሰበሰበ ዘር ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ሄደ፤ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻግሮ በ2004 በዓለም ገበያ ስመ ጥር ሆነ። በ1964 እና በ1965 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የላካቸው ሊቃውንት ከዚሁ ጫካ ዘር ሰብስበው ወደ ልዩ ልዩ አገሮች አከፋፈሉ፤ ዘገባቸውም በ1968 ታተመ። እነዚህ ጕዞዎች በሳይንስ መዝገብ የተሳኩ ናቸው። በዘሩ አገር ግን የተረፈው ስም ብቻ ነው፤ እርሱም በአነጋገር ተለውጦ «ጌይሻ» ሆኗል።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ታሪክ አለ። በ1971 የቡናን ፍሬ በለጋነቱ የሚያጠቁረው በሽታ በኢትዮጵያ ተገኘና ብዙ ገበሬ ምርቱን አጣ። በ1967 የተቋቋመው የጅማ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሠራተኞች በበሽታው መካከል ሳይጎዱ የቆሙ የቡና ዛፎችን በየአካባቢው እየፈለጉ ዘራቸውን መረጡ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች በ1974 በኢሉባቦር ከመቱ አካባቢ ከተመረጡት ውስጥ ሲሆኑ በ1979 ለገበሬው ተለቀቁ። የቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የምርጫውን ዓመት ያመለክታሉ። እነዚህን ቁጥሮች ዛሬ የሚያውቃቸው ሊቅ ብቻ አይደለም፤ ችግኝ የሚገዛው ገበሬም ያውቃቸዋል። ፍሬው ጠቁሮ ቢረግፍ ኖሮ የጣቢያው ጽሑፍ በየትኛውም መጽሔት ቢወጣ ገበሬው ይመሰክርበት ነበር። እዚህ ላይ የጥናቱ ምስክር ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ሆነ፤ የማረም ሥልጣንም ነበረው፣ ዛፉን ይነቅለዋል።

ጫካውና መጽሐፉ

ከ2000 ወዲህ የጥናቱ ሥራ እየበዛ ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ መጥቷል። ታደሰ ወልደ ማርያም ጎሌ በ2003 ለቦን ዩኒቨርሲቲ ስለ ያዩ ጫካና ስለ ዱር ቡና አጠባበቅ የዶክትርነት ጽሑፍ አቀረቡ። ያዩ በ2010 ከካፋ ጋር፣ ሸካም በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዘገቡ። በ2007 በአዲስ አበባ መልካ ማኅበር «የሸካ ደኖች» የሚል ትርጉም ያለው አርእስት የያዘ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በማስረሻ ፈጠነ አዘጋጅነት አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ምሁራን የመሬት አጠቃቀም መለወጥ በጫካውና በሕዝቡ ላይ ያመጣውን ነገር መርምረዋል።

ይህ መጽሐፍ በሁለት ምክንያት ምስጋና ይገባዋል። አንደኛ፣ ጫካውን ከሰው ለይቶ አያይም፤ ዛፍ የሚቈጥረው ተመራማሪና ሥርዓት የሚያጠናው ተመራማሪ በአንድ ጥራዝ ተገናኝተዋል። ሁለተኛ፣ የተጻፈው ጫካው ለሻይና ለቡና እርሻ ሲመነጠር በነበረበት ጊዜ በመሆኑ ጉዳዩን ሳይዘገይ ይዟል። ጉድለቱም ግልጽ ነው። ስለ ጌፒታቶና ስለ ኮቦ የተባለውን ጌፒታቶው ራሱ ሊያነበው አይችልም። ጥብቅ ሥፍራነቱም ቢሆን በመዝገብ መግባቱ ብቻ የምሁሩ ሥራ መሳካት ማስረጃ ሊሆን አይገባም፤ በዓለም መዝገብ የተጻፈ ጫካም ሊመነጠር ይችላልና። ማስረጃው ከዓመታት በኋላ የኮቦው ባለቤት በዚያው ዛፍ ላይ ቀፎውን መስቀሉ ነው።

የቁጥር ምስክርነት

ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የምሁር ሥራ የሚመዘንበት መንገድ ከሁሉ ይልቅ ቁጥር ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 አንድ ጽሑፍ በስንት ጽሑፎች እንደ ተጠቀሰ የሚያሳይ መዝገብ እንዲዘጋጅ አሳብ አቀረቡ፤ መዝገቡም በ1964 ወጣ። የጋርፊልድ ዓላማ አንባቢ የአንድን አሳብ ጕዞ እንዲከታተል ለመርዳት ነበር። ኋላ ግን የአንባቢ መሪ የነበረው የሹመት ሚዛን ሆነ። በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ኸርሽ የአንድን ምሁር ሥራ ሁሉ በአንድ ቁጥር የሚጠቀልል ስሌት አወጡ፤ 10 ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱለት ምሁር ቁጥሩ 10 ይሆናል። በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ ሊቃውንትና አዘጋጆች ምሁር ጽሑፉ በወጣበት መጽሔት ቁጥር ሊመዘን አይገባውም ብለው መግለጫ እስከ ማውጣት ደረሱ።

ይህ ክርክር ከሸካ ጫካ የራቀ አይደለም። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከ2006–07 ጀምሮ በሚዛንና በቴፒ ሁለት ግቢዎች ተቋቁሟል። በዚያ የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን አሉ እንበል። አንዱ ስለ ጫካ ማር በውጭ አገር መጽሔቶች 5 ጽሑፎች ያወጣል፤ ሁለተኛው በጌጫና በማሻ ተቀምጦ የኮቦን ሥርዓት ከሽማግሎች ይቀዳል፣ በሸኪ ኖኖና በአማርኛ አዘጋጅቶ ለትምህርት ቤቶች ይሰጣል፣ አንድ መልካም ጽሑፍም ያወጣል። በቁጥር ሚዛን የመጀመሪያው ይበልጣል። ሽማግሎቹ ካለፉ በኋላ ግን የሁለተኛው መዝገብ የማይተካ ይሆናል፤ የመጀመሪያው 5 ጽሑፎችም ምናልባት በእርሱ ላይ ይደገፋሉ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ቁጥር ብቻ ሲፈለግ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ምርመራ የሚያትሙ መጽሔቶች መብዛታቸው ነው። በእነርሱ ዘንድ ምስክሩ ከነአካቴው ጠፍቷል፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ሳይንስ በሕዝብ ፍርድ አይመዘንም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሸኪ ኖኖ ኦሞአዊ ነው ወይስ ኩሻዊ የሚለውን ክርክር የጌጫ ሽማግሌ አይፈርድም። ነገር ግን የተጠየቀው የሊቃውንት ፍርድ በሽማግሌ ፍርድ እንዲተካ አይደለም። እያንዳንዱ ምስክር በሚያውቀው ነገር እንዲጠራ ነው። የድምፁን ሕግ የቋንቋ ሊቅ፣ የቃሉን ትርጉም ባለ ቋንቋው ይመስክር።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የአገሬው ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ሁልጊዜ ትክክል አይደለም የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ የቢበር መጽሐፍ እንዳሳየው ትዝታ ያሳምራል። የመሬት ወይም የሹመት ጥያቄ ባለበት ቦታም ሰው የሚጠቅመውን ይመሰክራል። ሆኖም ምስክር ሊሳሳት ይችላል ተብሎ ምስክር መጥራት አይቀርም፤ ብዙ ምስክሮች ይጠራሉ፣ ቃላቸውም ይነጻጸራል። ምሁሩ የሽማግሌውን ቃል ለመቀበል አይገደድም፤ ለምን እንዳልተቀበለው ግን ሽማግሌው ሊሰማ በሚችልበት ቋንቋ መናገር አለበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ መምህር ቤተ ሰብ አለው፣ ደመወዙ ከማዕርጉ ጋር የታሰረ ነው፣ ማዕርጉም ከቁጥሩ ጋር። እንዲህ ላለው ሰው ማዕርግን ናቅ ብሎ መምከር ከንቱ ነው። ማዕርግ ለምሁር የሚሰጠው ክብር ብቻ አይደለም፤ ጊዜ፣ ቤተ መጻሕፍትና የመጓዣ ወጪም ነው። ሌስላው በአንድ የሕይወት ዘመን ያን ያህል መዝገበ ቃላት ማውጣት የቻሉት ዩኒቨርሲቲው ስለ ደገፋቸው ነው፤ ቢበርም ያ ድጋፍ ቢኖራቸው ምን ይሠሩ ነበር ብሎ ማሰብ አይከለከልም። ስለዚህ የሚያስፈልገው መሰላሉን መስበር አይደለም። በመሰላሉ ላይ የሚቆሙትን ምስክሮች መጨመር ነው።

ምን ሊደረግ ይገባል

ለሹመት የሚቀርብን ሰው ሥራ የሚመረምር ጉባኤ ከተለመዱት ጥያቄዎች ጋር አራት ጥያቄዎች ቢጨምር የሚከብደው አይሆንም። የተቀዳው ድምፅና የተጻፈው መዝገብ ቅጂ በተወሰደበት አገር፣ በትምህርት ቤት ወይም በወረዳው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧልን? የጥናቱ ፍሬ ነገር ባለጉዳዮቹ በሚያነቡት ቋንቋ ተጽፏልን? ዕውቀቱን ያካፈሉት ሰዎች፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ስማቸው ተጠርቷልን? ከዚያ አገር ተወላጆች መካከል ከተመራማሪው ጋር እየሠራ ሙያውን የተማረ አለን? አራቱም ጥያቄዎች በማስረጃ የሚመለሱ ናቸው፤ ከአድናቆትና ከስሜት የጸዱም ናቸው። የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ከአገራችን የቆየ ልማድ ጋር ይስማማል፤ የቅኔ መምህር ታላቅነት የሚለካው ወንበር በዘረጉ ደቀ መዛሙርቱ ነውና።

በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው ስለ ትውልድ አገራቸው ልማድ የጻፉትን በመጽሔት ማውጣት ሲጀምሩ ማዕርግ አልነበራቸውም፤ አብዛኞቹ ገና ተማሪዎች ነበሩ። ጽሑፎቻቸው ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ምክንያቱ የጻፉት ስለሚያውቁት ሰው መሆኑ ነው፤ ስሕተት ቢጽፉ ለዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የሚያርማቸው ነበረ። በዛሬው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የገንዘቡ፣ የመሣሪያውና የሰው ኀይሉ ብዛት ከዚያ ዘመን ጋር አይወዳደርም፤ ያ የመታረም ዕድል ግን ከብዛቱ ጋር አልጨመረም። የጌጫ ሽማግሎች ቁጥር በየዓመቱ ሲቀንስ፣ ስለ እነርሱ የተጻፈው ጽሑፍ በየዓመቱ ይበዛል። አንዱ ከሌላው ጋር ሳይገናኝ ከቀረ ብዙ ምሁራን ይሾማሉ፤ ያስመሰከሩት ግን ጥቂት ይሆናሉ።